ሪፖርቱ ነበረ፣ ትእዛዙ አልነበረም፦ የሻምፕሌን ታወርስ ሳውዝ የጉዳይ ጥናት

ጁን 24 ቀን 2021 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ከአንድ የአገራችን አዋጅ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ገደማ፣ በፍሎሪዳ ግዛት ሰርፍሳይድ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ የሚገኘው ባለ 12 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ሻምፕሌን ታወርስ ሳውዝ ግማሽ ያህሉ ተደረመሰ። ከ136ቱ አፓርታማዎች 55ቱ በሰከንዶች ውስጥ ወረዱ። 98 ሰዎች ሞቱ። ቆሞ የቀረውን ክፍል ባለሥልጣናቱ ጁላይ 4 ማታ፣ ኤልሳ የተባለው ማዕበል ሳይደርስ፣ በፈንጂ አፈረሱት።

ሕንፃው ለምን ወደቀ በሚለው ላይ ብዙ ተብሏል። እዚህ የምናነሣው ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው። ሕንፃው በሕግ «አደገኛ» ሊባልና ነዋሪው እንዲወጣ ሊታዘዝ የሚችልበት መስፈርት ተጽፎ ነበር፤ መስፈርቱን የሚያሟላ የመሐንዲስ ሪፖርት ነበር፤ ሪፖርቱ ሥልጣን ባለው ሰው እጅ ገብቶ ነበር። ታዲያ ትእዛዙ የት ቀረ?

የካውንቲው ሕግ

ሰርፍሳይድ የምትገኝበት ማያሚ-ዴድ ካውንቲ (ካውንቲ ከግዛት በታች ያለ አስተዳደር ነው) በሕንፃ ጉዳይ ከአሜሪካ ጥብቅ ከሚባሉት አካባቢዎች አንዱ ነው። በካውንቲው ሕግ ምዕራፍ 8 መሠረት አንድ ሕንፃ አደገኛ የሚሆነው በዋናነት በሕንፃ ሹሙ፣ ማለትም ሕንፃዎችን በሚቆጣጠረው ባለሥልጣን፣ አስተያየት ነው። ሹሙ ሕንፃው ለሰው ሕይወት አስጊ ነው፣ መውጫው በቂ አይደለም፣ ለእሳት ወይም ለነፋስ አደጋ ተጋልጧል፣ ወይም በጥገና ጉድለት ተበላሽቷል ብሎ ካመነ በቂ ነው። ሹሙ ግን በባዶ ሜዳ አይፈርድም። ሕጉ «እነዚህ ከታዩ ሕንፃው አደገኛ እንደሆነ ይገመታል» የሚላቸውን ምልክቶች ይዘረዝራል፦ ከግድግዳ ወይም ከጣሪያ የሚላቀቅና የሚንጠለጠል ነገር፣ ጭነት ተሸካሚ አካላት መበስበስ፣ በብልሽት ወይም ከአቅም በላይ በመጫን የመጣ ያልተለመደ መርገብ ወይም መዝመም፣ አደገኛ የኤሌክትሪክ መስመር፣ በከፊል የፈረሰ ሕንፃ፣ ያለ ፈቃድ የተሠራ ሥራ። ክፍት ተትቶ ጠባቂ የሌለው ባዶ ቤትም ከዚሁ ይገባል።

ከምልክቶቹ ሌላ የዋጋ መስፈርት አለ። አደገኛ የተባለን ሕንፃ ለማደስ የሚያስፈልገው ወጪ ከሕንፃው ዋጋ ከ50 በመቶ ካለፈ ሕጉ በመርህ ደረጃ የሚያዝዘው ማፍረስን ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ባለቤቱ አድሶ ሊያድነው ይችላል። ባለቤቱ ውሳኔውን ካልተቀበለ ጉዳዩን የሚሰማ የአደገኛ ሕንፃዎች ቦርድ አለ። አደጋው አሁኑኑ የሚደርስ ከሆነ ግን ሹሙ ቦርዱን ሳይጠብቅ ሰዎችን ማስወጣት ይችላል።

ሦስተኛው መንገድ በወቅቱ የ40 ዓመት ዳግም ማረጋገጫ ነበር። ከግለሰብ መኖሪያ ቤቶችና ከአነስተኛ ሕንፃዎች በቀር ማንኛውም ሕንፃ 40 ዓመት ሲሞላው፣ ከዚያም በየ10 ዓመቱ፣ በመሐንዲስ ወይም በአርክቴክት ተመርምሮ ለመኖሪያ ደኅና መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጥ ነበር። ማስታወቂያ የደረሰው ባለቤት ሪፖርቱን እንዲያስገባ 90 ቀን ይሰጠው ነበር። ካላስገባ፣ ሕንፃው አለት ቢሆን እንኳ፣ ጉዳዩ ወደ አደገኛ ሕንፃዎች ሂደት ይገባ ነበር። ይህ ሕግ የመጣው በኦገስት 1974 በማያሚ መሀል ከተማ የፌዴራል የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የነበረበት ሕንፃ ተደርምሶ 7 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው። ያ በ1920ዎቹ የተሠራ ሕንፃ ጣሪያው ላይ መኪና ይቆምበት ነበር። በጨው የተበላ ብረትና ከአቅም በላይ ጭነት፤ ከ47 ዓመት በኋላ ሰርፍሳይድ ላይ የታየውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የሻምፕሌን ታወርስ ሳውዝ ግንባታ ያለቀው በ1981 ነው። 40 ዓመቱ የሞላው በወደቀበት ዓመት ነበር።

የመዋኛው ወለል

ከማማው (ከመኖሪያ ሕንፃው) በስተደቡብ፣ ከምድር ቤት ፓርኪንግ በላይ፣ መዋኛውንና የአትክልት መደቦቹን የተሸከመ ሰፊ የኮንክሪት ሶሌታ (ጠፍጣፋ ወለል) ነበር። አብዛኛው ክፍሉ ያለ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) በቀጥታ በኮለኖች (ምሰሶዎች) ላይ ያረፈ ነው። እንዲህ ያለ ሶሌታ ጣሪያውን ዝቅ ሳያደርግ ሰፊ ፓርኪንግ ስለሚሰጥ በዓለም ዙሪያ ይሠራል። ዋናው ስጋት ኮለኑ ሶሌታውን በስቶ የሚወጣበት ሁኔታ ነው፤ መሐንዲሶች ፓንቺንግ ሺር ይሉታል። ቢም ሲታጠፍ ረገብ ይላል፣ ይሰነጠቃል፣ ጊዜ ይሰጣል። ፓንቺንግ ግን ያለ ብዙ ምልክት በድንገት የሚመጣ ስብራት ነው፤ አንዱ ኮለን ላይ ሲለቅ ጭነቱ ወደ ቀጣዩ ይዛወራል፣ እሱም አልችልም ካለ ወለሉ በተከታታይ ይወርዳል። ለዚህ ነው የታችኛው ፌሮ (በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት) በኮለኑ አናት ላይ ሳይቋረጥ እንዲያልፍ የዘመኑ ሕጎች የሚያስገድዱት፤ ሶሌታው ቢበሳ እንኳ በፌሮው ላይ እንዲንጠለጠል ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም (ኒስት) ምርመራ ይፋ ካደረጋቸው ግኝቶች ዋናው ይህ ወለል ከመነሻው ደካማ እንደነበረ የሚያሳየው ነው። በብዙ ወሳኝ ቦታዎች የወለሉ አቅም በጊዜው ሕግ ከሚጠየቀው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበር። የፌሮው አቀማመጥም በሥዕሉ ላይ እንደታዘዘው አልነበረም። በኋላ ደግሞ ተጨማሪ ጭነት መጣ፤ ከባድ የአትክልት መደቦች፣ በነባሩ ወለል ላይ አሸዋና አዲስ ንጣፍ። የዚህን ክብደት ሰው አቅልሎ ያየዋል። አንድ ኩብ ሜትር እርጥብ አፈር ወደ 2 ቶን ይጠጋል። 5 ሴንቲሜትር አሸዋ ላይ 5 ሴንቲሜትር ንጣፍ ሲደረብ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ነው። ሕዝብ የሚሰበሰብበት ወለል የሚነደፍበት የሰው ጭነት በካሬ ሜትር 490 ኪሎ አካባቢ መሆኑን ላስተዋለ፣ «ማስዋቢያ» ተብሎ የገባው ነገር ቀላል እንዳልሆነ ይገባዋል። የሰው ጭነት ይመጣል ይሄዳል፤ አፈርና ንጣፍ ግን ሌት ተቀን እዚያው ናቸው።

በዚህ ላይ ውሃ ተጨመረ። ወለሉ የተሠራው ወደ መውረጃ ሳያዘነብል ጠፍጣፋ ሆኖ ነው። ውሃ የማያሳልፈው ሽፋን ዕድሜው ሲያልፍ የዝናቡ፣ የመዋኛውና የባሕር ጨው ያለበት ውሃ ሶሌታው ላይ ተኝቶ ወደ ውስጥ ሰረገ። ደኅና ኮንክሪት በአልካሊ ባሕርዩ ፌሮውን ከዝገት ይጠብቃል፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ሲደርስ ግን ያ መከላከያ ይፈርሳል። ዝገት ከብረቱ እጥፍና ከዚያ በላይ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል፣ ከዚያ ይልጠዋል። ስንጥቁ ደግሞ ተጨማሪ ውሃ ያስገባል። የዚህ ዓይነቱ ጉዳት በዓመት እኩል እየጨመረ አይሄድም፤ ሲቆይ ይፈጥናል። በጀት የሚይዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱት ይህንን ነው፦ ዘንድሮ 9 ሚሊዮን የተባለው ከሦስት ዓመት በኋላ 9 ሚሊዮን ሆኖ አይጠብቅም።

የ2018ቱ ሪፖርት

የነዋሪዎች ማኅበሩ ለ40 ዓመቱ ማረጋገጫ አስቀድሞ ለመዘጋጀት መሐንዲስ ቀጠረ። ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ብዙዎች ማስታወቂያ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ሪፖርቱ በኦክቶበር 2018 ቀረበ። የመዋኛው ወለል የውሃ መከላከያ ከሥራ ውጪ መሆኑንና ከሥሩ ባለው ሶሌታ ላይ ከባድ መዋቅራዊ ጉዳት ማድረሱን ይገልጻል። ጠፍጣፋነቱን ዋና የዲዛይን ስሕተት ብሎታል። መከላከያው በቶሎ ካልተቀየረ የኮንክሪቱ ብልሽት በእጅጉ እየተባዛ እንደሚሄድ ያስጠነቅቃል። በፓርኪንጉ ኮለኖች፣ ቢሞችና ግድግዳዎች ላይ ብዙ ስንጥቅና የተላጠ ኮንክሪት እንዳለ፣ ቀደም ሲል በኢፖክሲ (ስንጥቅ በሚሞላ ሙጫ) የተደረገው ጥገናም እንዳልያዘ ይዘግባል።

ይህንን ከላይ ካለው የሕግ ዝርዝር ጎን ብናስቀምጠው፣ የጭነት ተሸካሚ አካላት መበስበስ አለ፣ የሚላቀቅ ነገር አለ። ለሕጋዊ ግምት ከበቂ በላይ ነው። ሪፖርቱ ግን ሕንፃው አስጊ ነው አላለም፤ ወለሉ በፑንቴሎ (በጊዜያዊ ድጋፍ ምሰሶ) ይደገፍ፣ ፓርኪንጉ ይዘጋ፣ ጭነት ይነሣ አላለም። የተጻፈው ለደንበኛው የጥገና ዕቅድ ሆኖ ነው፤ ከእርሱ ጋር የቀረበው ግምት 9.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከባዱ ግኝት ከበረንዳ፣ ከመስኮትና ከቀለም ጉዳዮች ጋር በአንድ ድምፅ ተዘርዝሯል። እንዲህ ያለ ሰነድ የሚያነብ ሰው የሚያየው የሥራ ዝርዝር ነው።

ማኅበሩ ሪፖርቱን ለከተማው ሕንፃ ሹም ላከ። ሹሙ በኖቬምበር 2018 ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ሕንፃው በጣም ጥሩ ይዞታ ላይ ያለ እንደሚመስል መናገሩ በቃለ ጉባኤው ተመዝግቧል። ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት ያህል ማንም ሕንፃውን ወደ አደገኛ ሕንፃዎች ሂደት አላስገባውም። የ40 ዓመቱ ቀን ገና በመሆኑ ሕጉ በራሱ የሚነቃበት ምክንያት አልነበረም፤ የሚያነቃው የሹሙ አስተያየት ብቻ ነበር፣ አስተያየቱም «ደኅና ነው» የሚል ሆነ። ቀጠሮ ያለው ምርመራ የሚያመጣው ትልቅ ችግር እዚህ ላይ ይታያል፦ ቀኑ እስኪደርስ ሁሉም ጊዜ ያለው ይመስለዋል። ኮንክሪት ግን የልደት ቀን አይቆጥርም።

መሐንዲስ እንዲህ ዓይነት ጉዳት ሲያገኝ ከሪፖርቱ ለይቶ የሚጽፈው ደብዳቤ መኖር አለበት። አንድ ገጽ ይበቃዋል። የትኛው አካል፣ በየትኞቹ አክሲስ መስመሮች (በሥዕሉ ላይ የኮለን ረድፎችን በሚያሳዩ መስመሮች) መካከል፣ ምን ዓይነት ስብራት ሊደርስበት እንደሚችል ይጻፋል። ቀጥሎ ዛሬ የሚደረገው ይመጣል፦ ከኮለኖቹ ዙሪያ ፑንቴሎ ማቆም (መሠረቱ የሚያርፍበት ወለል ራሱ መቻሉን አረጋግጦ)፣ አፈሩንና ንጣፉን ማንሣት፣ ከወለሉ ሥር መኪናና ሰው እንዳይገባ መዝጋት። ሰዎች መውጣት ካለባቸው ከየትኛው ክፍል እንደሆነ ይገለጻል። በመጨረሻ ቀነ ገደብና የተቀባዮች ስም፤ ባለቤቱም ሹሙም በአንድ ቀን፣ በፊርማ። «በአስቸኳይ እንዲታይ እንመክራለን» የሚል አረፍተ ነገር ሹሙን አያስገድደውም፣ መሐንዲሱንም አይጠብቀውም። መሐንዲሶች ለስለስ አድርገው የሚጽፉበት ምክንያት ይገባናል፤ ደንበኛው ነው የሚከፍላቸው፣ ያለ ስሌት «ይወድቃል» ማለትም ኪሳራና ክስ ያመጣል። መፍትሔው ስሌቱን መሥራት ነው፤ ይህ ግን አልተጠየቀም።

ገንዘቡ

ማኅበሩ በእጁ የነበረው የመጠባበቂያ ገንዘብ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በታች ነበር። በወቅቱ የፍሎሪዳ ሕግ ባለቤቶች በድምፅ ብልጫ መጠባበቂያ ላለማስቀመጥ እንዲወስኑ ይፈቅድ ነበር። በ2008 በመሐንዲስ ወይም በአርክቴክት በየጊዜው የሚሠራ የጥገና ወጪ ሪፖርት ግዴታ የሚያደርግ ሕግ ወጥቶ በ2010 ተሽሯል። በ2019 ከማኅበሩ ቦርድ አባላት አብዛኞቹ ለቀቁ። በኤፕሪል 2021 የቦርዱ ሊቀመንበር ለነዋሪዎች በጻፉት ደብዳቤ ጉዳቱ ከ2018 ወዲህ በጣም መባሱንና የኮንክሪቱ ብልሽት እየፈጠነ መሆኑን አስረዱ። ወጪው 15 ሚሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር፤ ለአንድ አፓርታማ ከ80 ሺህ ዶላር እስከ 336 ሺህ ዶላር ገደማ። ክፍያው የሚጀመረው ጁላይ 1 ቀን 2021 ነበር፤ ሕንፃው የወደቀው ሳምንት ሲቀረው ነው።

በአገራችን የጋራ ሕንፃ የሚተዳደረው በኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በሚቋቋም የባለቤቶች ማኅበር ነው። መዋጮ የሚሰበሰበው ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለውሃ ፓምፕ ሲሆን ለመዋቅር ተብሎ የሚቀመጥ ገንዘብ ስንት ማኅበር ጋ እንዳለ አንባቢ ራሱ ያውቀዋል። የሰርፍሳይድ ነዋሪዎች ድሆች አልነበሩም፤ ያጡት ገንዘብ ሳይሆን ስምምነት ነበር። ሦስት ዓመት የተከራከሩት የወጪው መጠን ላይ ነው፤ ወለሉ አሁን ያለበትን ጭነት ይችላል ወይ የሚል ጥያቄ በጠረጴዛው ላይ አልቀረበም።

በ2020 መጨረሻ አንዳንድ የሙከራ ቁፋሮዎች ተደርገው ነበር። በመዋኛው ፓምፕ ክፍል አካባቢ የታሰበው ጥገና ግን የአጠገቡን መዋቅር ሊያናጋ ይችላል ተብሎ ሳይሠራ ቀርቷል። እንዲህ ዓይነቱ ምክንያት በወረቀት ሲሰፍር ማንቂያ ደወል ነው። የተላጠ ኮንክሪት መጠረብ የሚያሰጋ ከሆነ፣ መዋቅሩ ትርፍ አቅም የለውም ማለት ነው፤ ትርፍ አቅም የሌለው ወለል ደግሞ ሰው ሊቆምበት አይገባም።

በዚያች ሌሊት መጀመሪያ የወረደው የመዋኛው ወለል ነው። ማማው የተከተለው ከደቂቃዎች በኋላ ነበር። በመካከሉ ከጎረቤት ሆቴል የተቀረጸ ቪዲዮ በፓርኪንጉ በር ፍርስራሽና የሚንዠቀዠቅ ውሃ ያሳያል።

ከስምንት ቀን በኋላ የተሰጠ ትእዛዝ

ከአደጋው በኋላ የአካባቢው ከተሞች የ40 ዓመት ፋይሎቻቸውን አገላበጡ። በኖርዝ ማያሚ ቢች፣ በ1972 የተሠራና 156 አፓርታማዎች ያሉት ክሬስትቪው ታወርስ የተባለ ባለ 10 ፎቅ ሕንፃ ማረጋገጫው ሳይቀርብ እንደቆየ ታወቀ። ጁላይ 2 ቀን ለከተማው የደረሰው ሪፖርት ሕንፃው በመዋቅርም በኤሌክትሪክም አደገኛ ነው ይላል፤ የተጻፈው ግን በጃንዋሪ ነበር። ከተማው በዚያው ዕለት ነዋሪውን አስወጣ።

ሁለቱን ሕንፃዎች ማነጻጸር ይጠቅማል። ሻምፕሌን ላይ ሪፖርቱ በጊዜው ሹሙ ዘንድ ደረሰ፣ ግን ሹሙን ወደ ሥራ የሚያስገባ ድምዳሜ አልነበረውም። ክሬስትቪው ላይ ድምዳሜው ግልጽ ነበር፣ ግን ስድስት ወር ያህል ሹሙ ዘንድ አልደረሰም። ሕጉ እንዲሠራ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የክሬስትቪው ነዋሪዎች ሻንጣ ይዘው መንገድ ላይ መቅረታቸው ከባድ ነበር፤ ተቆጥተዋልም። ያም ሆኖ በሕይወት ነበሩ።

ከ2022 ወዲህ

ፍሎሪዳ በሜይ 2022 አዲስ ሕግ አወጣች። ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ የሆኑ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በ30 ዓመታቸው፣ ለባሕር ዳርቻ ቅርብ ሲሆኑ በ25 ዓመታቸው (ይህ የ25 ዓመቱ በ2023 ለአካባቢው ባለሥልጣን ውሳኔ ተትቷል)፣ ከዚያም በየ10 ዓመቱ ይመረመራሉ። ቀድሞ የሁለት ካውንቲዎች ብቻ የነበረው ግዴታ የግዛቱ ሁሉ ሆነ። ለጣሪያ፣ ለመዋቅርና ለውሃ መከላከያ የሚቀመጠውን መጠባበቂያ በድምፅ መሻርም ተከለከለ፤ ተፈጻሚነቱ ግን ደረጃ በደረጃ ነበር። የተጎጂዎች ክስ ደግሞ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ በሆነ ስምምነት ተዘግቷል።

ምርመራው ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው በዓይን የሚደረግ ነው። መሐንዲሱ ጉልህ መዋቅራዊ ብልሽት አላየሁም ካለ እዚያው ያበቃል። ካየ ሁለተኛው ይቀጥላል፣ ኮንክሪት መቁረጥና መፈተሽም ሊኖርበት ይችላል፤ ጥገናው የሁለተኛው ሪፖርት በቀረበ በ365 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። ስንጥቅ፣ መርገብና የውሃ ምልክት ብቻቸውን እንደ ጉልህ ብልሽት አይቆጠሩም፤ መሐንዲሱ የከባድ ብልሽት ምልክት ናቸው ካላለ በቀር። ይኸው ፍርድ አሁንም የተንጠለጠለው በአንድ ባለሙያ ብዕር ላይ ነው።

ከዚህ የባሰ ክፍተት ግን አለ። የአሮጌውም ሆነ የአዲሱ ሕግ ዓይን የሚፈልገው ብልሽትን ነው። የሻምፕሌን ወለል ዝገት ባይነካው እንኳ ከሚጠየቀው ግማሽ አቅም ይዞ የተወለደ ነበር፤ ይህ በዓይን አይታይም፣ በመዶሻ ሲመታም ባዶ ድምፅ አይሰጥም። የሚገኘው ሥዕሉን አውጥቶ በማስላት ብቻ ነው። ስለዚህ ከፓርኪንግ በላይ መዋኛ ወይም የአትክልት ቦታ ያለው ሕንፃ ውስጥ የሚኖር ማኅበር ምርመራ ሲያዝ የሥራ ውሉ ውስጥ እነዚህን ማስገባት አለበት፦ የመዋቅር ሥዕሉ ከማዘጋጃ ቤት ይውጣ፤ በእያንዳንዱ ኮለን አናት የፓንቺንግ ስሌት ዛሬ ባለው ጭነት፣ ከሥዕሉ በኋላ የተጨመረው አፈርና ንጣፍ ተለክቶ፣ ይሠራ፤ የፌሮው ጥልቀትና ርቀት ቢያንስ በጥቂት ኮለኖች ላይ በመሣሪያ ይረጋገጥ፤ ከወለሉ የኮንክሪት ናሙና ተቆርጦ ጥንካሬውና የክሎራይድ መጠኑ ይታይ። ሥዕሉ ከጠፋ ፍለጋው በመሣሪያው ይጀመራል፣ የሚቆረጠው ናሙናም ይበዛል። ዋጋው ከዓይን ምርመራ ብዙ እጥፍ ነው፤ ስለዚህም ካልተጠየቀ ማንም አይሠራውም።